እግሩ ከመቆረጡ በፊት ደሙ ይታይ



የታሪክ ጸሐፍት እንደዘገቡት፣ ታላቁ ታቢዒ ዑርወት ኢብኑ ዙበይር ከመዲና ተነሥተው ወደ ኸሊፋ አል-ወሊድ ኢብኑ ዐብዱልመሊክ ወደ ሻም ሲጓዙ እግራቸውን ሥጋ የሚበላ ሕመም ያዛቸው። ሐኪሞቹ ሕመሙ ወደ ላይ እየወጣ ስለሆነ እግሩ ካልተቆረጠ ሕይወታቸው እንደሚያልፍ ነገሯቸው። ስቃዩን የሚያስረሳ አስካሪ ነገር ቢቀርብላቸውም እምቢ ብለው፣ አላህን እያወሱ እግራቸው በመጋዝ ተቆረጠ።

ይህ ታሪክ በመድረሳም በቤትም የሶብር ምሳሌ ሆኖ ይነገራል፤ ይገባዋልም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ደም ያጣን እግር መልሶ ደም የሚያጠጣ ጥበብ አልነበረም። ዛሬ አለ። መታከም እየተቻለ ቁስልን ቤት ውስጥ ይዞ መቀመጥ ሶብር ሊባል አይችልም። በስኳር ሕመም ምክንያት ከሚቆረጡት እግሮች ብዙዎቹ ሊተርፉ ይችሉ የነበሩ ናቸውና፣ ጉዳዩን ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል እንላለን።

ኮተቤ ከእንጦጦ ተራሮች ሥር ስለሆነች ብርዷ የታወቀ ነው። በክረምት ሽማግሌዎቻችን የከሰል ምድጃ ከበው ይቀመጣሉ። ከተማሪዎቻችን የአንዱ አያት የሆኑ፣ ስኳር ካደረባቸው ከ15 ዓመት በላይ የሆናቸው አንድ ሐጂ፣ በአንድ የሐምሌ ምሽት እግራቸውን ወደ ምድጃው አስጠጉ። ሲቃጠሉ አልተሰማቸውም። የሽታውን ነገር ያስተዋለው የልጅ ልጃቸው ነበር። በማግስቱ አውራ ጣታቸው ውሃ ቋጠረ፤ ቡና ተነሰነሰበት፣ ቅባት ተቀባ። ቀጥሎ ወደ ክሊኒክ ሄደው ቁስሉ ይታጠብና በፋሻ ይታሰር ጀመር። እንዲህ እየተባለ ሳምንታት አለፉ፤ ጣቱም ጠቆረ። ልጁ ከክፍል ሲቀር ምክንያቱን ብንጠይቀው፣ «አያቴን እግራቸው አያማቸውም፤ ግን ይሸታል» አለን።

በመጨረሻ ሆስፒታል ሲደርሱ እግሩ ከጉልበት በታች ሊቆረጥ እንደሚችል ተነገራቸው። ደግነቱ አንድ ሐኪም «አስቀድሞ የደም ሥሩ ይታይ» አሉ። ታየ፤ ጠቦ ተገኘ፤ ተከፈተ። ሐጂ ሁለት ጣት አጥተው እግራቸው ተረፈ። አልሐምዱሊላህ!

ሁለቱ ጉዳቶች

ስኳር እግርን የሚጎዳው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው በነርቭ ነው። ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የእግርን ነርቭ ያደክማል፤ ሰውየው ሚስማር ሲወጋው፣ ጫማ ሲልጠው፣ እሳት ሲፈጀው አይሰማውም። ይህን ዓይነቱን እግር አዲስ አበባ ቀድማ ታውቀዋለች። በዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነበር። በሕንድ ሀገር የሠሩት ዶክተር ፖል ብራንድ እንዳስተማሩት፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን እግር የሚያልቀው በሽታው ሥጋውን ስለሚበላው ሳይሆን፣ ሕመም የማይሰማው እግር ቆስሎም ሳያርፍ ስለሚረገጥበት ነው። ቁስልን ከጭነት የማሳረፍ ትምህርት ከዚያ ለስኳር ሕሙማንም ተረፈ።

ሁለተኛው ጉዳት ግን በዚህ ትምህርት ብቻ አይድንም። ስኳር ደም ቅዳዎችን ያጠባል፣ ያደነድናል፤ ይህም በተለይ ከጉልበት በታች ባሉት ላይ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2003 እና በ2004 በአውሮፓ 14 ማዕከላት እግራቸው የቆሰለ ከ1,200 በላይ የስኳር ሕሙማን ሲመረመሩ፣ ግማሽ ያህሉ የእግራቸው ደም ቅዳ የታመመ ሆኖ ተገኝቷል። ቁስል የሚድነው በደም ነው። የሚዋጠው አንቲባዮቲክ እንኳ ቁስሉ ዘንድ የሚደርሰው በደም ተጭኖ ነው። መንገዱ ከተዘጋ ቅባቱም ፋሻውም ብቻውን ከንቱ ድካም ነው።

እንዴት ይታወቃል?

ሲራመዱ ባት የሚይዝ፣ ቆም ሲሉ የሚለቅ ሕመም፤ ሌሊት ተኝተው የሚያም፣ እግር ከአልጋ ወደ ታች ሲንጠለጠል የሚቀል ሕመም፤ የእግር መቀዝቀዝና መገርጣት ምልክቶች ናቸው። ነገር ግን ነርቩ የደከመ ሰው ላይሰማው ስለሚችል «አያመኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም። ሐኪሙ በእግር ጀርባና ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላ የልብ ምቱን በጣቱ ይዳስሳል። ከዚያም የቁርጭምጭሚት ደም ግፊት ከክንድ ግፊት ጋር ይነጻጸራል፤ ውጤቱ ከ0.9 በታች ከሆነ ደም ሥሩ ጠቧል። በስኳር ሕመምተኛ ላይ ግን የደነደነ ደም ሥር ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ስለሚያታልል የአውራ ጣት ግፊት ይለካል። ይህ ከ30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በታች ከወረደ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው።

ሕክምናው

መግል፣ እብጠት፣ የሚስፋፋ መቅላት ወይም ትኩሳት ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። የጠበበው ደም ቅዳ ከተቻለ በቀጭን ቱቦ በሚገባ ፊኛ ይከፈታል፤ ወይም ከበሽተኛው ከራሱ እግር በተወሰደ ደም መልስ ማለፊያ መንገድ ይሠራለታል። የሞተው ሥጋ ይነሣል፤ ቁስሉ ከጭነት ያርፋል፤ ስኳሩና ደም ግፊቱ ይስተካከላል፤ ሲጋራ ፈጽሞ ይቆማል። ደም የማይደርሰውን እግር አጥብቆ ማሰር፣ ደርቆ የጠቆረን ጣት ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ቤት ውስጥ በምላጭ መቁረጥ ጉዳትን ያብሳል። በሚገባ እየታከመ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ መዳን ያልጀመረ ቁስል ካለ፣ ደም ሥሩ እንደገና ይታይ። የደም ሥር ቀዶ ሕክምና በሀገራችን በየቦታው የማይገኝ ስለሆነ ቀድሞ መነሣት ይበጃል። አስታማሚውም ሐኪሙን «ደም ወደ እግሩ ይደርሳል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መጠየቅ ነውር የለውም።

ውዱእና እግር

እኛ ሙስሊሞች እግራችንን በቀን አምስት ጊዜ የምናጥብ ሰዎች ነን። ይህ ለስኳር ሕመምተኛ ትልቅ ኒዕማ ነው፤ ሲያጥብ ይየው! ውስጥ እግሩን ማየት ካልቻለ ልጅ ይይለት። የሱብሒን ሙቅ ውሃ በእግሩ ሳይሆን ሌላ ሰው በክርኑ ይሞክርለት። በጣቶቹ መካከል ያለውን እርጥበት በቀስታ ያድርቅ። በመስጊድ ከጫማ ማውለቂያው እስከ ውዱእ ቦታ በባዶ እግሩ አይሂድ፤ ነጠላ ጫማ ይያዝ። ጫማ ከማጥለቁ በፊት ውስጡን በእጁ ይዳስስ። ቁስሉ ውሃ እንዳይነካ ሐኪም ካዘዘ፣ በፋሻ ላይ ማበስና ተየሙም በሸሪዓችን የታወቁ ገራገር መንገዶች ናቸው፤ ዝርዝሩን ዑለማዎችን ይጠይቅ። ጾምንም በተመለከተ ረመዳን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ልጆች ሆይ! የአባትና የእናት ሐቅ ገንዘብ በመስጠት ብቻ አይወጣም። ዛሬ ማታ ጎንበስ ብላችሁ እግራቸውን እዩ፤ ጣቶቻቸውን ገልጣችሁ ተመልከቱ። ትንሽ ቁስል ብታገኙ «ነገ ይድናል» አትበሉ።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለአስታማሚዎች ብርታቱን፣ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። አሚን።