ስትታጠፍ የምትጮኸው መኪናና የነቀምቴው መካኒክ

ሙሽራ እየጠበቃችሁ መኪና ጮኻባችሁ ታውቃለች? እኔ ላይ ደርሷል። ጊዜው ጥር 2006 ዓ.ም. ነው። ጓደኛዬ ጊምቢ ላይ ሚዜ ሊሆን፣ እኔ ደግሞ ሹፌሩ ሆኜ ቅዳሜ በጠዋት ከአዲስ አበባ ወጣን። መኪናዋ የእኔው አሮጌ ኮሮላ ነች። መሪ ሲጠመዘዝ «ሲጥ!» ማለት ከጀመረች ሳምንት ሆኗታል። አዲስ አበባ ያሳየኋት ጋራዥ ድምፁን እንኳ በወጉ ሳይሰማ ቺንጋ ቀየረና ገንዘቡን ተቀበለ። እኔም አመንኩ፤ ርካሽ ነዋ!

እስከ አምቦ ዝም አለች። ሬዲዮውን ከፍ አድርገን ስለነበር ዝም ያለች መሰለን ብል ይሻላል። ጉደርን አልፈን ከጌዶ ቁልቁል ወደ ባኮ ስንወርድ ግን መንገዱ ይጠማዘዛል፤ በየኩርባው ሲጥ... ሲጥ! «መኪናህ ውስጥ አይጥ ወልዳለች እንዴ?» ይለኛል ጓደኛዬ።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሰዓት በኋላ ደረስን። ከዚያ ጊምቢ ለመግባት ወደ ዲዴሳ ሸለቆ መውረድ፣ ወንዙን ተሻግሮ ደግሞ መውጣት አለ። ጓደኛዬ «ትንሽ ግሪስ አስቀብተን እንሂድ» አለ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ጊምቢ ነበር።

አስፋልቱ ዳር ካለች ትንሽ ጋራዥ አንድ ሸበቶ መካኒክ አገኘን።

«ጋሼ፣ ስትታጠፍ ትጮሃለች» አልኳቸው።

«ቆማም ትጮሃለች?»

አላውቅም! 330 ኪሎ ሜትር ሙሉ ስሰማው የመጣሁትን ድምፅ አላውቀውም።

ሞተሩን አስጠፍተው መሪውን ወዲያና ወዲህ አስጠመዘዙኝ። ሲጥ! «በል፣ ቺንጋው ነፃ ወጣ» ብለው ሳቁ። ለካ ሞተር ጠፍቶ ቺንጋ አይዞርም፣ ካልዞረም አይጮህም። የቺንጋ ጩኸት የሚሰማው ሞተር ተነስቶ፣ በተለይ መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ነው። ድምፁ መኪናዋ ስትሄድ ብቻ መጥቶ ከፍጥነቷ ጋር የሚፈጥን ከሆነ ደግሞ የፍሬን ሸራውና ኩሽኔታው ይታያል፤ አንዳንዴ እኮ ፍሬኑ መከለያ ውስጥ የገባች ጠጠር ናት ሰውን የምታሳብደው። የፊት ጎማ በሚጎትታቸው መኪናዎች ነዳጅ እየሰጣችሁ ስትታጠፉ «ቀጭ ቀጭ» ካለ፣ ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰውን ዘንግ መጋጠሚያ ጠርጥሩ። የእኔዋ ግን ቆማ ነው የምትጮኸው።

የኋላ ጎማዎቹን ድንጋይ አስደገፉ፤ በክሪክ አነሷት፤ በክሪኩ ብቻ አላመኑምና ወፍራም ግንድ ከሥር አስገቡ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ሲነቀንቁት ተወዛወዘ። ከዚያ ጓደኛዬን መሪ ላይ አስቀመጡና «ና፣ አንተ እዚህ ጋ ንካ» አሉኝ። ጩኸቱ ጣቴ ላይ ተንቀጠቀጠ! ቦልጆይንቱ ነው፤ ጎማውን ከታችኛው ክንድ ጋር የሚያያይዘው። የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ፣ ግሪሱ ደርቆ፣ አቧራ ጠጥቷል።

«ግሪስ ቢቀባስ?» አለ ሚዜው።

ጋሼ ቆጣ አሉ። «ግሪስ ጩኸቱን ይደብቅልሃል እንጂ ያለቀውን አይመልስም። ይሄ ከወለቀ ጎማው ይታጠፋል፣ መሪም የለህም። ሙሽራው ሰርጉን ትቶ ዲዴሳ ላይ ለቅሶ ይድረስ?»

ዝም አልን።

ዕቃው ታዲያ ቅዳሜ ማታ ከየት ይምጣ? ሱቁ ተዘግቷል። ሚዜው እሑድ ገና ሳይነጋ ሱፉን በላስቲክ ጠቅልሎ በአውቶቡስ ሄደ። ቅር ብሎታል፣ አልደበቀኝም። እኔ ቀኑን አንጮቴ በልቼ፣ የወለጋን ቡና ሦስቴ ጠጥቼ፣ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ድረስ በእግሬ ደርሼ ስመለስ ዋልኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ነቀምቴን እወዳት ነበር፤ ያን ቀን ግን ሐሳቤ ሁሉ ሰርጉ ላይ ነበር።

ሰኞ ረፋድ ላይ ዕቃው ተገኘ። ጋሼ የግራና የቀኙን አንድ ላይ ቀየሩ፤ አብረው ነው የሚያረጁት አሉ። ዲዴሳን ስወርድ ሬዲዮውን አጠፋሁ። በየኩርባው ጆሮዬን ቀስሬ ጠበቅሁ። ምንም።

ጊምቢ የደረስኩት ለመልሱ ነው። ጓደኛዬ «ፎቶው ላይ የለህም» አለኝ፤ ከዚያ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።