ወንበር ፍለጋ ሄጄ ሉል ይዤ መጣሁ

እኛ ምግብ ቤት ያለን ሰዎች ጨረታ እንወዳለን። አንዱ ሲዘጋ የሌላው ጓዳ ይሟላል፤ ነገ ደግሞ የእኛ ተራ ሊሆን ይችላል። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ እኔና የ12 ዓመቷ ልጄ ከቦስተን ተነስተን ሮድ አይላንድ ውስጥ ወዳለችው ፕሮቪደንስ ከተማ ወረድን። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ካልተጨናነቀ አንድ ሰዓት ነው። ሐሳቤ 12 ወንበር መግዛት ብቻ ነበር።

ወንበሮቹ ከኪሴ በላይ ሆኑብኝ። ባዶ እጄን ልመለስ ስል አጫራቹ የድሮ ጌጣጌጥ ፋብሪካ ዕቃ፣ ሦስት ካርቶን፣ እንዳለ እንደሚሸጥ ጮክ ብሎ ተናገረ። ከአንዱ ካርቶን ጫፍ ነጭ የሉል ክር ተንጠልጥሏል። ልጄ እጄን ጎተተችኝ፤ እኔም ሳላስበው ቁጥሬን አነሳሁ። 85 ዶላር! ጨረታ ለማታውቁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጨረታ ቤቱ በዋጋው ላይ የራሱን ኮሚሽን ይጨምራል፣ ታክስም አለ። ስከፍል 110 ገደማ ሆነ። ኮሚሽኑ ስንት እንደሆነ ሳትጠይቁ እጃችሁን አታንሱ።

ሉሉን ሳይ ልቤ የዘለለበት ምክንያት አለው። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ የምላት፣ በ1990ዎቹ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ከዚያ ለእማዬ የላከችላት የሉል ሐብል አለን። እማዬ ለጥምቀትና ለሰርግ ብቻ ነበር የምታደርገው፤ ስታወልቀው በነጭ ነጠላ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ትቆልፍበታለች። ከሦስት ዓመት በፊት ስታርፍ እኔ ጋ መጣ። ደሴ ያለው የእማዬ ቤት ጣሪያው ያፈሳል። በተነጋገርን ቁጥር እትዬ «ግድ የለም፣ ከቸገረን ሐብሉ አለ» ትለኛለች። ስለዚህ ሉል በእኛ ቤት ቀልድ አይደለም።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ጌጥ ፕሮቪደንስ ምን ይሠራል? ነገሩ ሥር ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1794 ነህምያ ዶጅ የሚባል የከተማው አንጥረኛ ርካሽ ብረትን በወርቅ የመለበጥ ዘዴ አወጣ፤ ወርቅ መግዛት የማይችለውም ሰው ማጌጥ ቻለ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው በፋብሪካ ላይ ተተከለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከተማዋ የአሜሪካ የጌጣጌጥ ዋና ከተማ እስከመባል ደረሰች። የኮሮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1929 የሠራው ትልቅ ሕንፃ ዛሬም ፖይንት ጎዳና ላይ ቆሟል። ሮድ አይላንድ ውስጥ ፋብሪካ የነበረው ትሪፋሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1953 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ሥልጣን ሲረከቡ ለባለቤታቸው ለማሚ የሉል ጌጥ ሠርቶላቸዋል። ሰው ሠራሽ ሉል ነው! ቀዳማዊት እመቤቷ በዚያ ታላቅ ምሽት አርቲፊሻል አድርገው ወጡ ማለት ነው።

ካርቶኖቹን መኪና ላይ ስንጭን አንዲት ፖርቱጋላዊ አዛውንት ጠጋ ብለው ውስጡን አዩና ፈገግ አሉ። በልጅነታቸው እናታቸው ከፋብሪካ ሥራ ወደ ቤት ታመጣ ነበር። ከእራት በኋላ ማዕዱ ይነሳና ልጆቹ ሁሉ ጠረጴዛውን ከበው የጆሮ ጌጥ በካርድ ላይ ይሰካሉ፤ ክፍያው በደርዘን ነው። የቤት ውስጥ ሥራው በሕግ ቢከለከልም ሳይቀር ቆይቷል፤ ጣሊያኑም ፖርቱጋሉም፣ ከእነሱ በኋላ የመጣውም ስደተኛ የቤት ኪራዩን የከፈለበት ነው። ልጄ ይህን ስትሰማ ዝም አለች። እሷም ምግብ ቤታችን ውስጥ ናፕኪን እያጠፈች ነው ያደገችው።

ሰኞ ምግብ ቤቱ ዝግ ነው። ካርቶኖቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍናቸው። ከናስ የተቀረጹ ትናንሽ ቅጠሎች፣ የሐብል መቆለፊያዎች፣ የጆሮ ጌጥ መንጠቆዎች፣ ጀርባቸው በብር ቀለም የተቀባ የመስታወት ፈርጦች፣ ልክ እንደ አገራችን ጨሌ የተሰካኩ ዶቃዎች ነበሩ። ወላጆች፣ ታሪክ ለልጆቻችሁ ማስተማር ከፈለጋችሁ የድሮ ዕቃ ማሸጊያ ስጧቸው። «ቼኮስሎቫኪያ» የሚል ካለ፣ ያቺ አገር ከ1918 እስከ 1992 ነበረች። «ምዕራብ ጀርመን» ከ1949 እስከ 1990 ነው። «በጦር የተያዘች ጃፓን» የሚል ብታገኙ ከ1947 እስከ 1952 ባሉት ዓመታት የመጣ ነው። አድራሻውንም እዩ፤ የአሜሪካ ባለ አምስት አሃዝ ዚፕ ኮድ የጀመረው በ1963 ስለሆነ፣ ከከተማው ስም ጋር አንድ ወይም ሁለት አሃዝ ብቻ ካለ ከዚያ በፊት የታተመ ሳይሆን አይቀርም። ልጄ አንድ ሙሉ ቀን ስልኳን ሳትነካ ዋለች ብላችሁ ታምናላችሁ?

ወደ ሉሉ ስንመጣ፣ አዛውንቷ ያሳዩን ዘዴ ይሄ ነው። ሉሉን አጥባችሁ የፊት ጥርሳችሁ ጫፍ ላይ ቀስ ብላችሁ አሹት። ከባሕር ዛጎል የወጣ ከሆነ ደቃቅ አሸዋ እንዳለበት ይሻክራል፤ ሰው ሠራሽ ከሆነ ይንሸራተታል። (ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እንዳይከቱ አደራ።) ቀጥሎ ክሩ የሚያልፍበትን ቀዳዳ በአጉሊ መነጽር እዩ። ቀለሙ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ተልጦ ውስጡ መስታወት ወይም ፕላስቲክ ከታየ ነገሩ አለቀ። ሁሉም ፍሬ አንድ ዓይነት፣ እንከን የለሽ ከሆነም ጠርጥሩ። በኮምጣጤ እንሞክረው የሚላችሁን ግን አትስሙ፤ ኮምጣጤ እውነተኛውን ሉል ይበላዋል።

እውነተኛ ነው ማለት ደግሞ ውድ ነው ማለት አይደለም። ጃፓናዊው ሚኪሞቶ እ.ኤ.አ. በ1893 ሉልን በዛጎል ውስጥ በሰው እጅ ማልማት ቻለ። የለማው ሉል ገበያውን ሲሞላ፣ ከዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ጋር ተደምሮ፣ ከነዳጅ በፊት ከባሕር ሉል እየለቀሙ ይኖሩ የነበሩትን ባሕሬንና ኩዌትን አራቆታቸው። ተፈጥሯዊውን ከለማው በእርግጠኝነት የሚለየው የላቦራቶሪ ኤክስሬይ ነው፤ ጥርስ አይለየውም።

የእኛ ክሮች ሁሉ ተንሸራተቱ። ከዓሣ ቅርፊት በሚወጣ ብርማ ቀለም የተነከሩ የመስታወት ዶቃዎች ነበሩ። ፈረንሳዮች በ17ኛው ክፍለ ዘመን የጀመሩት ጥበብ ነው።

ልጄ ወዲያው «የአያቴንስ?» አለችኝ።

ባልሞክረው እመርጥ ነበር። ግን አመጣሁት፤ ነጠላውን ፈትቼ ጥርሴ ላይ አሸሁት። ተንሸራተተ። በመነጽር ቀዳዳውን አየሁ። መስታወት ነው።

ሁለት ሳምንት ለእትዬ ሳልነግራት ቆየሁ። በሦስተኛው ሳምንት ስትደውል ጣሪያው እንደባሰበት ነገረችኝና «በቃ ሐብሉን ሽጪው» አለች። ምን ልበላት? ነገርኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። የሦስት ወር ደሞዟ ነበር፤ ሻጩ እውነተኛ ነው ብሎ ነው የሸጠላት። ከዚያ «እማዬ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አታውቅም» አልኳት። «ነጠላ እየጠቀለለች ነው የኖረችው።»

«እንግዲያው ይበቃኛል» አለች። ድምጿ ግን የበቃው ሰው ድምፅ አልነበረም።

ጣሪያው ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ከካርቶኖቹ ውስጥ ገንዘብ ያወጣው እኛ ዋጋ ያልሰጠነው ነው። የድሮ ናስ ቅጠልና የምዕራብ ጀርመን ፈርጥ፣ በተለይ ከነማሸጊያው፣ ዛሬ ጌጥ የሚሠሩ ሰዎች ይፈልጉታል። አንዲት ባለሙያ በ200 ዶላር ወሰደችልኝ። የቀረውን እኔና እትዬ ተካፍለን አዋጣን፤ ቆርቆሮው ከክረምት በፊት ተመታ።

እናንተም ወደ ፕሮቪደንስ ከሄዳችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ጁወልሪ ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር በእግር ሂዱ። ሥራው ወደ እስያ ስለሄደ ማሽኖቹ የሉም። አንዱ የጌጥ ፋብሪካ ዛሬ የብራውን ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በተከፈተው የእግረኛ ድልድይ ላይ ወንዙን ተሻገሩ፤ የቆመው በድሮው አውራ ጎዳና ምሰሶዎች ላይ ነው። ሲርባችሁ ፌደራል ሂል ወደሚባለው የጣሊያኖች ሰፈር ውጡ።

ቤታችሁም ስትመለሱ፣ የእናቶቻችሁን ጌጥ ከመሞከራችሁ በፊት አስቡበት፤ መልሱን ለማን እንደምትነግሩት ቀድማችሁ ወስኑ። የእማዬ ሐብል አሁን የልጄ ነው። መስታወት መሆኑን ታውቃለች። ባለፈው ጥምቀት አድርጋው ሄደች፤ ማታ ስታወልቀው፣ ማንም ሳይነግራት፣ በነጠላው ጠቀለለችው።