ለአቦከር ቤት የሚስማማ ቴሌቪዥን

በዛሬው ዓምዳችን ወደ ሐረር ይዘናችሁ እንሄዳለን። የምንሄደው ግን የጁገልን ግንብ ለመዞር ወይም ማታ ከከተማው ዳር ጅብ ሲመገብ ለማየት አይደለም። ጉዳያችን ቴሌቪዥን ነው። «ለቴሌቪዥን ደግሞ ሐረር ድረስ ምን አስኬደን?» ብትሉ፣ ምክንያቱ ቤቱ ነው። ባለ ከፍተኛ ጥራት ቴሌቪዥን በትንሽ ገንዘብ ለመግዛት ያሰበ ሰው ከሱቁ በፊት ቤቱን መመርመር እንዳለበት የሐረርን ቤት ያህል ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ የለም።

አቦከር ከሐረር ስድስት የከተማ ወረዳዎች አንዷ ናት። እንደ ሌላው የሐረር ክፍል ሁሉ፣ አንዱ ቤተሰብ በአባት በአያት ግንብ ቤት፣ ሌላው ጎን ለጎን በተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ይኖራል። የሐረሪን የድሮ ቤት ገብታችሁ ያላያችሁ ካላችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ከበሩ እንዳለፋችሁ የምታገኙት ዋና ክፍል ግድር ጋር ይባላል። ሶፋና ወንበር አትፈልጉ። በነሱ ፈንታ ከግድግዳው ጋር አብረው የተገነቡ፣ አንዱ ከአንዱ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ ስማቸው ነደባ ነው። አሚር ነደባ፣ ግድር ነደባ እየተባለ እንደ ሰው ክብርና ዕድሜ የየራሱ መቀመጫ ተለይቶ የታወቀ ነው። ወለሉና መደቡ በቀይ ቀለም የተቀባ ሲሆን፣ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ሲሉ የሚያስረዱ አሉ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት፣ በሳህንና በጎድጓዳ ዕቃ ያጌጠ ነው። ብርሃን የሚገባው ይበልጡን በበሩ ነው።

እንግዲህ በዚህ ክፍል ውስጥ ቴሌቪዥን ሲቀመጥ አስቡት። አያት ከላይኛው መደብ፣ ልጆች ከወለሉ፣ እንግዳ ከጎን ሆነው ያያሉ። ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚያየው ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። ከዚህ የተነሣ ለዚህ ቤት የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ኢንች ነው?» ወይም «ፎር ኬ ነው ወይ?» የሚለው ሊሆን አይገባም። «ከጎንና ከላይ ሲታይ ቀለሙ ይለወጣል ወይ?» የሚለው ነው። ከጠፍጣፋዎቹ ቴሌቪዥኖች አንዳንዶቹ ከፊት ለፊታቸው ሲታዩ ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ ሆኖ ያምራሉ፤ ወደ ጎን ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ሲሉ ግን የሰው ፊት አመድ ይመስላል። ሌሎቹ ጥቁራቸው ያን ያህል ባይጠልቅም ከየትም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ። በአንድ መደብ ላይ ፊት ለፊት የሚቀመጡ ባልና ሚስት የፊተኛውን ቢመርጡ ያዋጣቸዋል። ለብዙ ሰው ቤት ግን ሁለተኛው ይሻላል። ይህን ለማወቅ የሚከፈል የለም። በሱቁ ውስጥ ዕቃው እንደ በራ ወደ ቀኝ ሂዱ፣ ወደ ግራ ሂዱ፣ ዝቅ በሉ፣ ቆማችሁም እዩ። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ!

አሁን ወደ ጥራቱ እንግባ። የቴሌቪዥን ምስል የተሠራው ከጥቃቅን ነጥቦች ነው። ኤች ዲ የሚባለው በአግድም 1280፣ ወደ ታች 720 ነጥብ ያለው ነው፤ ብዙዎቹ ትንንሽ ቴሌቪዥኖች 1366 በ768 ሆነው ይሠራሉ። ፉል ኤች ዲ 1920 በ1080 ነው። ፎር ኬ ደግሞ 3840 በ2160። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ዋጋውም እንደሚጨምር ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ዳሩ ግን የሰው ዐይን ወሰን አለው። የሐረር ስፌት በእጃችሁ ይዛችሁ ስታዩት እያንዳንዱን ስንደዶና አለላ ትቆጥራላችሁ፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከማዶ ስታዩት ግን የሚታያችሁ ጥለቱ ብቻ ነው። ቴሌቪዥንም እንደዚሁ ነው። 32 ኢንች የሆነ ተራ ኤች ዲ፣ ከ2 ሜትር ወዲያ ሆኖ ለሚያየው ሰው ነጥቦቹ ተለይተው አይታዩም። 43 ኢንች ፉል ኤች ዲ ከሆነም ከ2 ሜትር በላይ ርቀት ላይ ዐይን የሚጠይቀው ተጨማሪ ነጥብ የለም። የ43 ኢንቹን ፎር ኬ ጥቅም በእውነት ለማየት ከ1 ሜትር ተኩል አካባቢ ወይም ከዚያ ቀርባችሁ መቀመጥ ይኖርባችኋል። ማን እንደዚያ ተጠግቶ ያያል? ልጆች ካልሆኑ በቀር፤ እነሱንም «ራቁ» እያልን ነው የምናሳድጋቸው።

ስለዚህ ሜትር ካላችሁ በሜትር፣ ከሌላችሁ በክንድ፣ ከምትቀመጡበት ቦታ እስከ ቴሌቪዥኑ ያለውን ርቀት ለኩ። 4 ክንድ ከሆነ ወደ 2 ሜትር ገደማ ነውና 32 ኢንች ይበቃል። 5ና 6 ክንድ ከሆነ 43 ኢንች ፉል ኤች ዲ ጥሩ ነው። ኢንቹ የሚለካው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን መሆኑንም አትርሱ። 32 ኢንች ወርዱ 71 ሳንቲ ሜትር፣ 43 ኢንች 95 ሳንቲ ሜትር፣ 55 ኢንች ደግሞ 1 ሜትር ከ22 ያህል ነው። 55 ኢንች ሰቅሎ የእናትን ስፌቶች ከግድግዳ ማውረድ ለእኛ አይዋጥልንም፤ ምርጫው ግን የባለቤቱ ነው።

በአቦከር ያነጋገርናት አንዲት የቢሮ ሠራተኛ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ዕቁብ ሲደርሳት ገንዘቡን ሳትበትን ለቴሌቪዥን አዋለችው። ካርቶኑ ላይ «ፎር ኬ» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ነበረበት። ከወራት በኋላ የእህቷ ልጅ ከበስተጀርባው ያለውን የሞዴል ቁጥር ፈልጎ ሲያጣራ፣ ዕቃው የፎር ኬ ምስል ይቀበላል እንጂ መስተዋቱ 1366 በ768 ብቻ ሆኖ ተገኘ። «ምስሉ መጥፎ ሆኖብኝ አልነበረም» አለችን፤ «ያናደደኝ ለሌለ ነገር የከፈልኩት ነው። በልዩነቱ የልጆቹን ጫማ እገዛበት ነበር።» ሻጩን ብትጠይቀው «ካርቶኑን እኔ አልጻፍኩት» አላት። በደረሰኝም ስላልገዛች ነገሩ በዚሁ ቀረ።

ከዚህ ላይ ልብ በሉ። ካርቶን ምስክር አይሆንም። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የተለጠፈችውን ወረቀት አንብቡ፤ የሞዴሉ ቁጥር፣ የሚፈልገው ቮልት፣ የሚበላው ዋት እዚያ ላይ ነው። ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሥታችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ኢንተርኔት የሚያውቅ ልጅ ያጣራላችሁ። በፍላሽ የራሳችሁን ፎቶግራፍና ጥቃቅን ጽሑፍ ያለበት ገጽ ይዛችሁ ሂዱና በሱቁ ውስጥ አስከፍቱ። ሻጩ የሚያሳያችሁ የባሕርና የአበባ ፊልም ለማማለል የተቀረጸ ነው፤ በእርሱ ላይ አስቀያሚ የሚሆን ቴሌቪዥን የለም። ቀጥሎ ነጭ ገጽ፣ ከዚያም ጥቁር ገጽ አሳዩኝ በሉ። በነጩ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ፣ በጥቁሩ ላይ በጠርዝ በኩል የሚያፈተልክ ብርሃን ካለ ይታያችኋል። ደረሰኝ ተቀበሉ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥ ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ያለ ደረሰኝ ግን በምን ታስረዳላችሁ?

ዋጋውን በዚህ ገጽ አላሰፈርንም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ የውጭ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ ዛሬ የጻፍነው ጋዜጣው እጃችሁ ሲገባ ሌላ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል። የሐረር ሰው ከፈረስ መጋላና ከሸዋ በር ሱቆች ይጠይቅና፣ ካልተስማማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ፣ ታይዋን ወደሚባለው ገበያ ይወርዳል። ልዩነቱ የመኪና ሒሳብና የአንድ ቀን ድካም የሚያካክስ መሆኑን አስቀድሞ በስልክ ማጣራት ይሻላል። ኮንትሮባንድ ርካሽ ነው የሚላችሁን አትስሙ፤ ኬላ ላይ ቢወረስ፣ ወይም ቤት ገብቶ በሳምንቱ ቢጠፋ፣ ወዴት ይኬዳል?

ከጀርባው ስላሉት ቀዳዳዎች አንድ ነገር እንጨምር፤ ገንዘብ የሚቆጥብ ነውና። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በ2012 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ኢትዮሳት አማካይነት በዲሽ ይታያሉ። ቃናም በሉት የሐረሪ ቴሌቪዥን፣ የምትከታተሉት ጣቢያ በኤች ዲ የሚያሰራጭ ካልሆነ፣ ቴሌቪዥኑ ምንም ጥሩ ቢሆን ከላይ ያልመጣውን ጥራት ከራሱ አይፈጥርም። ወደ ቀዳዳው እንመለስ። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ዲ.ቪ.ቢ.-ኤስ.2 የሚባል የዲሽ መቀበያ በውስጣቸው አላቸው። እንዲህ ያለው ከተገኘ የዲሹ ገመድ በቀጥታ ይሰካበታል፤ ሪሲቨር መግዛት ቀረ፣ ሁለተኛ ሪሞትም ቀረ። ምልክቱ ቀላል ነው፦ የዲሽ ቀዳዳ እንደ ብሎን ጥርስ አለው፣ የተራ አንቴና ቀዳዳ ለስላሳ ነው። «ስማርት» ለሚባለው ግን ቤታችሁ ኢንተርኔት ከሌለ አትክፈሉ። ኋላ ኢንተርኔት ሲገባ ትንሽዬ ሳጥን ገዝቶ መሰካት ይቻላል።

መብራትም ሒሳብ ውስጥ ይግባ። 32 ኢንች ኤል.ኢ.ዲ. 40 ዋት ቢበላና በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 55 ኢንቹ 120 ዋት ከሆነ በዚያው ሰዓት 18 ይሆናል፤ ሦስት እጥፍ መሆኑ ነው። ከቆጣሪው የበለጠ የሚያስፈራው ደግሞ የመብራት መውጣትና መግባት ነው። ጠፍቶ ሲመለስ ከ220 ቮልት በላይ ሆኖ የሚመጣው ኃይል ስንቱን ቴሌቪዥን እንዳቃጠለ የጥገና ሠራተኛ ጠይቁ። ከፉል ኤች ዲ ወደ ፎር ኬ ለመሸጋገር ልትጨምሩት ያሰባችሁት ገንዘብ ካለ፣ በእሱ ደህና ስታብላይዘር ግዙበት። ተራ ዲቫይደር ሶኬት ያበዛል እንጂ አይከላከልም።

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ሲጀመር፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ቀለም ሲገባ፣ ዕቃው ከሳጥን የማይተናነስ ወፍራም ነበርና ጠረጴዛ ላይ ከመቀመጥ ሌላ አማራጭ አልነበረውም። የዛሬው ቀጭን ስለሆነ ሁሉም ሰው ግድግዳ ላይ ልሰቅል ይላል። በኪራይ ቤት በብሎኬት ግድግዳ ላይ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ስቀሉ። የጁገል የድሮ ቤት ግን ሌላ ነው። ግንቡ ድንጋይና ጭቃ ስለሆነ ቡሎኑ ድንጋይ ካላገኘ አይዝም፣ ካገኘም ግድግዳውን ይሰነጥቃል። በዚያ ላይ ጁገል ከሐምሌ 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። ከነእግሩ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፤ ከፍታውም በመካከለኛው መደብ ላይ የሚቀመጠው ሰው ዐይን ልክ ይሁን። በሩን ፊት ለፊት እንዲያይ አታድርጉት፤ ቀን ቀን ከምስሉ ይልቅ የበሩን ብርሃን እንደ መስታወት መልሶ ያሳያችኋል። ጎን ለጎን አዙሩት።

ከሱቅ ወደ ቤት ሲመጣ በቁሙ ይጫን። አጋድመው ሚኒባስ ጣሪያ ላይ የጫኑት ቴሌቪዥን በደንገጎ ጥምዝ ላይ መስተዋቱ ቢሰነጠቅ የሚጠግነው የለም፤ የመስተዋቱ ዋጋ ከአዲሱ ብዙ አይርቅምና። የጁገል ጠባብ መተላለፊያዎችም መኪና ስለማያስገቡ፣ ከበሩ ወዲህ ያለውን መንገድ ሁለት ሰው በቁሙ ይዞ ይግባ እንጂ ለአንድ ልጅ አታሸክሙት።

የቀረው ዲሹ ነው። በአንድ ግቢ የምትኖሩ ተከራዮች ብትሆኑ ሁሉም የየራሱን ዲሽ ጣሪያ ላይ ከሚተክል፣ በአንድ ዲሽ ላይ አራት መውጫ ያለው ኤል.ኤን.ቢ. አስገጥማችሁ ወጪውን ለአራት ተካፈሉ። አንዱ የፈለገውን ጣቢያ ሲያይ ሌላውን አያስቸግርም። ገመዱም በመስኮት ወይም በግድግዳ ቀዳዳ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ እንደ ጆሮ ጉትቻ ዙር ይበጅለት፤ በክረምት ዝናቡ ገመዱን ተከትሎ ወደ ቴሌቪዥኑ ከሚመጣ እዚያው ዙሩ ላይ ይንጠባጠብ።