የመሪው መንቀጥቀጥና ምክንያቱ

አሜሪካኖች «ሆት ሮድ» ብለው የሚጠሩት የአውቶሞቢል ዓይነት አለ። ይኸውም ከፋብሪካ እንደ ወጣ የሚነዳ ሳይሆን፥ ባለቤቱ አሮጌ መኪና ገዝቶ፥ አካሉን አቅልሎ፥ ሞተሩን አበርትቶ፥ ለፍጥነት የሚያዘጋጀው ነው። ይህ ልማድ በ1930ዎቹ ዓመታት በደቡብ ካሊፎርኒያ ተስፋፋ (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያን ጊዜ ወጣቶች ሙሮክን በመሰሉ የደረቁ ሐይቆች ሜዳ ላይ ያሽቀዳድሙ ነበር። በ1951 ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበር ተቋቁሞ፥ እሽቅድምድሙ ከሕዝብ መንገድ ርቆ በተለየ ሜዳና በደንብ እንዲካሄድ ብዙ ደከመ።

በእነዚህ መኪኖች ዘንድ ከፍ ያለ ስም ያለው አንድ ክፍል ቀጥ ያለው የፊት አክስል ነው። አክስሉ ከግራው ጎማ እስከ ቀኙ ጎማ የሚደርስ አንድ ወጥ ብረት ነው። በሁለቱም ጫፎቹ ላይ ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞርበት ፔርኖ አለ። ብረቱ ወጥ ስለሆነ አንደኛው ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላውም ጎማ ያዘነብላል። በዚህ ምክንያት ለተሳፋሪ ምቾት ሲባል እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚነሣበትና የሚወርድበት ሥራ ተፈለሰፈ። ፎርድ እንኳ በትናንሽ መኪኖቹ ላይ ወጡን አክስል እስከ 1948 ዓመተ ምሕረት ሞዴሉ ድረስ ይዞ ቆይቶ በ1949 ሞዴሉ ተወው።

ታዲያ ፋብሪካዎች የተዉትን ነገር ባለ ሆት ሮዶቹ ለምን መልሰው አመጡት? ምክንያቱ ግልጽ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በቀጥታ መንገድ የሚሽቀዳደሙ ሰዎች የመኪናውን ፊት ከፍ ማድረግ ይፈልጉ ነበር። ፊቱ ከፍ ሲል፥ መኪናው በሚነሣበት ጊዜ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ የኋላ ጎማዎችም መሬቱን አጥብቀው ይይዛሉ። ለዚህም በሁለት ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ወጥ አክስል ርካሽ፥ ቀላልና ጠንካራ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቹም ከ1961 ሞዴል ጀምሮ የተሠራውን የፎርድ ኤኮኖላይን የዕቃ መኪና አክስል ከአሮጌ መኪና መጣያ እየገዙ ይገጥሙ ነበር።

ይህን ሁሉ የተረዳነው በ2019 ለሥራ ትምህርት ወደ አሜሪካን አገር በተላክንበት ጊዜ ነው። የአባታችን ታናሽ ወንድም በሎስ አንጀለስ አጠገብ ይኖራሉ። እኛ በትግርኛ «ሐወቦይ» እያልን እንጠራቸዋለን። በወጣትነታቸው በአሥመራ ከአንድ የኢጣልያኖች ጋራዥ ሙያ ተምረዋል፤ በአሜሪካም ዕድሜያቸውን በዚሁ ሙያ አሳልፈዋል። ጡረታ ሲወጡ በ1955 የተሠራ አንድ ሸቭሮሌት ገዝተው ወጥ አክስል ሊገጥሙለት ጀመሩ። ጎረቤቶቻቸው እንዴት ደፈሩ ብለው ቢደነቁም፥ ለእርሳቸው ነገሩ የቆየ ወዳጅ ነበር። በአሥመራ ጋራዥ የፊያት ኤን ትሬ የጭነት መኪና አክስል ሲያወርዱና ሲሰቅሉ አድገዋልና።

የቅዳሜና የእሑድ ረዳቶቻቸው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃቸውና እኛ ነበርን። ልጅቱ እዚያው ስለ ተወለደች የዕቃዎቹን ስም በእንግሊዝኛ ታውቃለች፤ አባቷ ግን ስሙን ሁሉ የሚጠሩት በኢጣልያንኛ ነው። እርሳቸው «ባሌስትራ» ሲሉ እርሷ «ስፕሪንግ» ትላለች፤ እርሳቸው «ፔርኖ» ሲሉ እርሷ «ኪንግ ፒን» ትላለች። ባሌስትራም፥ ፔርኖም፥ ሻንሲም፥ ቡሎንም በአዲስ አበባ ጋራዦች ጭምር የሚነገሩ ቃሎች በመሆናቸው እኛ በመካከል ሆነን እናስተረጉም ነበር። አማርኛ የሚማር ሰው ጋራዥ በገባ ጊዜ እነዚህን ቃሎች ከመዝገበ ቃላት ይልቅ ከሠራተኞች አፍ ቢፈልጋቸው ቶሎ ያገኛቸዋል።

የባለቤታቸው ነገር ግን ሌላ ነበር። መኪናው ከግቢ ከመውጣቱ በፊት «ውበቱን አይቻለሁ፤ መሪው መጨመቱን ሳላይ ግን ልጄን አላሳፍርበትም» ብለው ቁርጡን ተናገሩ። ሐወቦይም ነገሩ እውነት በመሆኑ መልስ አልሰጡበትም። ሞተር ቢጠፋ መኪናው ይቆማል፤ መሪ ቢከዳ ግን የሚጠፋው ሕይወት ነው።

ሥራው የተጀመረው በብየዳ ሳይሆን በልክ ነው። ሻንሲው በአራት ማቆሚያ ላይ ተቀምጦ በውኃ ልክ ተስተካከለ። ቀጥሎም ከሻንሲው የተመረጡ ቦታዎች ቱንቢ እየተጣለ፥ ነጥቦቹ በወለሉ ላይ በጠመኔ ተመለከቱ፤ በመካከላቸውም ሲባጎ ተዘረጋ። እኛ በሚስዮን ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ክፍል ቱንቢ መያዝ ተምረን ስለ ነበር ይህ ድርሻ ለእኛና ለልጅቱ ተሰጠ። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል ያለው ርቀት 292 ሳንቲሜትር ያህል ሲሆን በግራም በቀኝም አንድ መሆን አለበት፤ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን የሚለካውም እንደዚሁ። ልዩነት ካለ መኪናው ዕድሜውን በሙሉ ወደ አንድ ጎን ሲጎትት ይኖራል። ስለዚህ የባሌስትራው መያዣዎች መጀመሪያ በጥቂት ነጥብ ብቻ ተበይደው፥ እንደገና ከተለኩ በኋላ ነው ብየዳው የተፈጸመው። ከመሪው የሚመጣው ዘንግም ባሌስትራው ሲነሣና ሲወርድ አብሮ እንዲሄድ ሆኖ ተገጠመ። አለበለዚያ ጎማው ጉድጓድ በነካ ቍጥር ነጂው ሳያዝዘው ይዞራል።

ከሁሉ የሚረቀው የፔርኖው ዝንባሌ ነው። ብስክሌትን የተመለከተ ሰው የፊት ሹካው ወደ ኋላ ያዘነበለ መሆኑን ያያል። በዚህ ዝንባሌ ምክንያት ጎማው ከታጠፈ በኋላ በራሱ ወደ ቀጥታው ይመለሳል። በመኪናም የፔርኖው ራስ ወደ ኋላ ማዘንበል አለበት። ዝንባሌው ሲበዛ መሪው ይከብዳል፤ ሲያንስ ደግሞ ጎማው ይዋልላል። ሐወቦይ በ5 ዲግሪ አቆሙት።

ሁሉም ነገር ተገጥሞ ካለቀ በኋላ በአንድ እሑድ ጠዋት ጭር ባለ መንገድ ላይ ከጎናቸው ተቀምጠን ወጣን። በሰዓት ወደ 60 ኪሎ ሜትር ስንደርስ ጎማው አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ነካ። ወዲያው መሪው በእጃቸው ውስጥ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ፍጥነቱን ቀንሰው እስኪቆሙም ድረስ አላባራም። ፊታቸው ላብ በላብ ሆነ። ምንም ሳይናገሩ በዝግታ እየነዱ ወደ ቤት መለሱን።

በሙያው የታወቁ አንድ ጎረቤት መጥተው፥ በመሪው ዘንግ ላይ አሞርዛተር ቢታሰር መንቀጥቀጡ እንደሚጠፋ መከሩ። በአንድ ሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነበር፤ የቤቱ እመቤትም መሪው መጨመቱን አይተው ፈቃዳቸውን በሰጡ ነበር። ሐወቦይ ግን «አሞርዛተሩ መንቀጥቀጡን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። አሞርዛተሩ ያረጀ ዕለት በመሪው ላይ ያለው ማን ይሆናል?» ብለው ልጃቸውን ተመለከቱ።

ከዚያም ምክንያቱን ፍለጋ ተጀመረ። ፔርኖዎቹ አልላሉም፤ ጎማዎቹ ሚዛናቸውን አልሳቱም፤ የመሪው ዘንጎችም ጥብቅ ናቸው። በዚህ ጊዜ ልጅቱ እኛ የጻፍነውን የልክ ደብተር ስታገላብጥ ቆይታ፥ «የፔርኖው ዝንባሌ የተለካው ሞተሩ ከመግባቱ በፊት አይደለምን?» ብላ ጠየቀች። ነገሩ እንደዚያው ነበር። የሞተሩ ክብደት የፊቱን ባሌስትራ ተጫነው፤ በኋላም የተገጠሙት ትልልቅ ጎማዎች የመኪናውን ጀርባ ከፍ አደረጉት። ሁለቱ ሲደመሩ ፊትና ኋላው በ10 ሳንቲሜትር ያህል ተበላለጡ። በ292 ሳንቲሜትር ርዝመት ላይ ይህ ልዩነት 2 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ዝንባሌው እንደገና ሲለካ ከ5 ወደ 3 ዲግሪ ወርዶ ተገኘ። ሐወቦይም ሥቀው፥ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው የአማራ ተረት ለእርሳቸው የተነገረ መሆኑን መሰከሩ።

መድኀኒቱ ቀላል ነበር። በአክስሉና በባሌስትራው መካከል የ3 ዲግሪ የብረት ሽብልቅ በግራና በቀኝ ገብቶ ዝንባሌው 6 ዲግሪ ሆነ። የጎማዎቹም ፊት ከኋላቸው ይልቅ በ3 ሚሊሜትር ያህል እንዲቀራረብ እንደገና ተስተካከለ። በማግስቱ በዚያው መንገድ፥ በዚያው ጉድጓድ ላይ ሦስት ጊዜ አለፍን፤ መሪው ጨምቶ ቆየ። በአራተኛው ጊዜ ከነጂው ጎን የተቀመጡት እመቤቲቱ ራሳቸው ነበሩ። ሲመለሱ ምንም ሳይናገሩ ወርደው በሩን ለልጃቸው ከፈቱላት።

ክቡራን አንባቢዎቻችንም በየሥራችሁ ወጥ የፊት አክስል ያላቸው የጭነት መኪኖችና የቆዩ ላንድ ሮቨሮች ያጋጥሟችኋል። መሪው የሚንቀጠቀጥ እንደ ሆነ የፔርኖውን መላላት፥ የጎማውን ሚዛን፥ የዘንጎቹን ጥብቀትና የፔርኖውን ዝንባሌ በየተራ አስመርምሩ። ልኩም የሚወሰደው መኪናው ሙሉ ክብደቱን ተሸክሞ በራሱ ጎማ ላይ ሲቆም ነው። «መንቀጥቀጡን በአንድ ሰዓት አጠፋልሃለሁ» የሚል ሠራተኛ ቢመጣ፥ ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁት።