«የቱን ጀልባ እንግዛ?»

ውድ እህቴ፣ ባለቤትሽ እንደ እኔው ባለቤት ባሕር ውስጥ ጠልቆ ዓሣ በጦር መውጋት ከወደደ፣ ይህ ጥያቄ አንቺም ዘንድ መድረሱ አይቀርም። እርሱ ስለ ሞተሩ ጉልበት ያወራሻል። አንቺ ግን አስቀድመሽ «አየር የሚይዙት ክፍሎች ስንት ናቸው?» በይው። የጦሩ ጫፍ፣ የዓሣው እሾህና የዓለቱ ስለት ጎማውን ሊበሱት ይችላሉ፤ ክፍሎቹ 3 ከሆኑ አንዱ ቢተነፍስ የቀሩት ያንሳፍፋሉ።

ፒቪሲ የሚባለው ዋጋው ይቀንሳል። ሃይፓሎን ፀሐይና ቤንዚን ይበልጥ ይችላል፤ ኪስ ግን ይጎዳል። (ዱፖንት ኩባንያ ሃይፓሎንን ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ሻጮች ግን ተመሳሳዩን ሁሉ በዚሁ ስም ይጠሩታል።) ወለሉ ጠንካራ ይሁን። የጎማ ጀልባ ጠርዙ ዝቅ ያለ ስለሆነ የደከመ ጠላቂ ለመውጣት ብዙ አይቸገርም፤ ለዚህ እኔም ወድጄዋለሁ።

በቤታችን የተከራከርነው ግን ስለ ስፋቱ ነው። ትንፋሹን ይዞ የጠለቀ ሰው ሲመለስ፣ ከውኃው ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው፣ ያለ ምንም ምልክት ራሱን ሊስት ይችላል። ዋና መቻሉ ያን ጊዜ አይረዳውም፤ አጠገቡ ሆኖ የሚይዘው ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ «ሁለት ጠላቂና አንድ ጀልባ ጠባቂ የማይዝ ከሆነ አይገዛም» አልኩ። ባለቤቴ ዋጋውን አስልቶ ዝም አለ። በማግስቱ ሜትር ይዞ መጣና ሳሎናችን ምንጣፍ ላይ የሦስት ሰው ቦታ ይለካ ጀመር።