ለደብረ ታቦር የምትሆን ሞተር

ታናሽ ወንድሜ ሁለት ዓመት ያጠራቀማትን ብር በሞተር ሳይክል ሊጨርሳት ነው። ልቡ የወደደው ያቺን ቀይ፣ ጎንበስ ተብሎ የምትነዳዋን የስፖርት ሞተር ነው። ሞቶ ጂፒ በቴሌቪዥን ሲያይ ላደገ ልጅ ሌላ አይታየውም፤ አልፈርድበትም። ግን የሚጋልባት በውድድር ሜዳ ሳይሆን እሁድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ወረታ ቁልቁል ነው።

እስኪ እናስበው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር እዚህ ሲደርስ ሩብ ያህል ጉልበቱን ጥሎ ነው። ባለ ካርቡሬተር ከሆነች ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛና ካንዴላዋ ይጠቁራል፤ ዳገት ላይ ታቃስታለች። ሻጩ «150 ሲሲ ናት» እያለ ሲምል ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

እኔ አስቀድሜ የማየው ፍሬኗን ነው። ወረታ 1,800 ሜትር አካባቢ ናት። በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ 900 ሜትር መውረድ ቀልድ አይደለም። ፍሬን ረግጦ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ እየያዙ መውረድ ነው እንጂ! ክረምት ላይ ጉም፣ ጭቃና መንገድ መሀል የቆመች አህያ ይጨመርበታል። ለዚህ ሁሉ ቀጥ ብላ የምታስቀምጥ፣ ጎማዋ ጥርስ ያለው፣ መለዋወጫዋ ባሕር ዳር የሚገኝ ትሻላለች። ቀለሟ ቀይ ይሁንለት።

ከመክፈሉ በፊት ግን አንድ ጓደኛውን አፈናጦ ወደ ክምር ድንጋይ ሽቅብ ይሞክራት።