የባሕር ዛፉ ባለቤት፦ የመሀል ቀኝ ፖለቲካ በምዕራብ ጎጃም ለምን ቤት አልሠራም?

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊ፣ በዱርቤቴ፣ በዳንግላና በእንጅባራ አድርጎ ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም የሚጓዝ ሰው በመስኮቱ በኩል ከሁሉ አብዝቶ የሚያየው ባሕር ዛፍ ነው። በተለይ በመራዊ ዙሪያ፣ ትናንት ዳጉሳ፣ በቆሎና ጤፍ ይበቅልባቸው የነበሩ ማሳዎች ዛሬ በቀጫጭን ግንድ ተሞልተዋል። የእርሻ ባለሙያው ዛፉ ውኃ ይመጥጣል፣ የጎረቤትን አዝመራ ያቀጭጫል እያለ ይመክራል። ገበሬው ሰምቶ አሁንም ይተክላል። ሒሳቡ የሞኝ ሒሳብ አይደለም። ባሕር ዛፍ ማዳበሪያ አይጠይቅም፣ ከብድር ጋር አያቆራኝም፣ አራሚና አጫጅ አያስቀጥርም፤ ልጅ ሲዳር ወይም በሽተኛ ሐኪም ቤት ሲገባ ተቆርጦ ይሸጣል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱን የሚጠቅሱት ከእርሻ ባለሙያዎች ይልቅ የሕግ ሰዎች ናቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ስለ ሆነ አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ያው አንቀጽ ወረድ ብሎ፣ ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ ለገነባው ቋሚ ንብረትና ላደረገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው፣ ሊሸጠውና ሊያወርሰውም እንደሚችል ይደነግጋል። አፈሩ የርሱ አይደለም፤ ዛፉ ግን የርሱ ነው። የሜጫ ገበሬ ባሕር ዛፍ ሲተክል፣ ሕጉ ከፈቀደለት ጠባብ ቀዳዳ ገብቶ የግል ሀብት እየፈጠረ ነው ማለት ይቻላል።

በሌላው ዓለም ቢሆን እንዲህ ያለው ሰው የመሀል ቀኝ ፓርቲ የመጀመሪያ መራጭ በሆነ ነበር። ቤት፣ ማሳና ከብት አለው። ቤተ ክርስቲያኑን ይስማል፤ በዕድሩና በማኅበሩ ይታመናል። ግብር ሲበዛበት ያጉረመርማል፣ ሥርዓት ሲፈርስ ይፈራል፣ ለውጥን የሚወድደው ቀስ ብሎ ሲመጣ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የምዕራብ ጀርመንና የጣሊያን ክርስቲያን ዴሞክራቶች የቆሙት እንዲህ ባለው ሰው ትከሻ ላይ ነበር። ዳንኤል ዚብላት የተባለው የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጥናቱ፣ የእንግሊዝንና የጀርመንን ታሪክ አነጻጽሮ አንድ ነገር አሳይቷል፦ ዴሞክራሲ የሚጸናው ባለ ሀብቱና ወግ አጥባቂው ክፍል በምርጫ ተወዳድሮ ሊያሸንፍ የሚችል ጠንካራ ፓርቲ ሲኖረው ነው። ፓርቲው ደካማ በሆነበት አገር ጥቅሙን የሚያስጠብቀው በምርጫ ሳይሆን በጡንቻ ይሆናል፤ ወይም ጽንፈኞች ይወስዱታል።

ዛሬ ያ ፓርቲ በተወለደበት በአውሮፓም ታሟል። የጣሊያን ክርስቲያን ዴሞክራሲ እ.ኤ.አ. በ1994 በሙስና ቅሌት ተበትኖ ቦታውን ለቤርሉስኮኒ ለቀቀ። የደጎል ወራሽ ነኝ የሚለው የፈረንሳይ ቀኝ ክንፍ በ2022ቱ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ከመቶ 5 እንኳ አላገኘም። የእንግሊዝ ወግ አጥባቂዎች በ2019 ከነበራቸው 365 መቀመጫ በ2024 ወደ 121 ወረዱ። በየቦታው ድምፁን የወሰደው፣ ንጹሑ ሕዝብ በአንድ ወገን፣ ብልሹው ልሂቅ በሌላ ወገን ቆመዋል የሚለው ሕዝበኝነት ነው። ሆኖም የኢትዮጵያ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። እዚያ የነበረ ቤት ነው የፈረሰው፤ እዚህ ግን መራጩ ተቀምጦ ቤቱ ጭራሽ አልተሠራም። ምዕራብ ጎጃም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

የጎጃም ገበሬ ለንብረቱ ያለው ስሜት ከፓርቲዎች ዘመን ይቀድማል። ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ የሚለው ተረት ለርሱ የፍርድ ቤት ማስረጃ ያህል ነበር። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ሕግ በሌላው ጠቅላይ ግዛት መሬትን ለምና ጠፍ ብሎ ሲመድብ፣ ጎጃምን፣ በጌምድርንና ትግራይን ከዚህ ምደባ ውጭ ማድረግ ግድ ሆኖበታል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገማቾች ወደ ማሳው ሲመጡ ግን በጎጃም ዐመፅ ተነሣ። የግብሩ መጠን ብቻውን ይህን ያህል ቁጣ አይቀሰቅስም ነበር። ገበሬው የፈራው ዛሬ ምርቱን የገመተ ነገ መሬቱን ይለካል፣ የለካ ደግሞ ይወስዳል ብሎ ነው። መንግሥት ጦር አዘመተ፣ ሰው ሞተ፤ በመጨረሻ ግን ገማቾቹ ተመለሱ፣ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴም ከቦታው ተነሡ።

ያን ዐመፅ በዘመኑ ቃላት ለመሰየም አስቸጋሪ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከሦስት ዓመት በፊት «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ወጥተው ነበር፤ የጎጃም ዐመፀኛ ግን ብዙውን ጊዜ አራሽም ባለ መሬትም ራሱ ነው። ያመፀው አዲስ ሥርዓት ሽቶ ሳይሆን አሮጌው ውል እንዳይፈርስ ነበር። ሀዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» የሣሉት አበጀ በለውና ተከታዮቹ ከፊታውራሪ መሸሻ ጋር የተጣሉበት መንፈስ ከዚህ ብዙም አይርቅም። መጽሐፉ የታተመው ከዐመፁ ሁለት ዓመት ቀድሞ መሆኑ ያስገርማል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ በሚባልበት አገር፣ ንጉሡን ሳይክዱ ግብሩን መንሣት ራሱን የቻለ የፖለቲካ አቋም ነው። በፓርላማ ቋንቋ የሚተረጉመው ፓርቲ ግን አልነበረም፤ በንጉሡ ዘመን ምርጫ እንጂ ፓርቲ አልተፈቀደም።

ፓርቲው ሲመጣ ዘግይቶና መሣሪያ ታጥቆ መጣ። ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ንብረት ካደረገ በኋላ፣ በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሚመራው የኢትዮጵያ ዴሞክራሲያዊ ኅብረት፣ በሰፊው ኢዲዩ የሚባለው፣ ከአብዮቱ ግራ ዘመሞች በስተ ቀኝ የቆመ ብቸኛው ትልቅ ድርጅት ሆነ። በ1969 ዓ.ም. መተማንና ሑመራን ይዞ ነበር። ፕሮግራሙ ዴሞክራሲንና የግል ሀብትን ይጠቅሳል። ገበሬው ግን ከፕሮግራሙ በፊት መሪዎቹን አየ፤ መሪዎቹም መሳፍንትና ጄኔራሎች ነበሩ። ንብረትህን እንጠብቅልሃለን የሚለው ቃል የድሮ ጌቶች ይመለሳሉ ከሚለው ሥጋት ተለይቶ ሊሰማ አልቻለም። ይህ ጥላ እስከ ዛሬ ከኢትዮጵያ ቀኝ ዘመምነት ላይ አልተነሣም፤ በአማርኛ «ወግ አጥባቂ» የሚለው ቃል ራሱ ከስድብ ይቆጠራል።

በምዕራብ ጎጃም ግን ከኢዲዩ ታሪክ ይልቅ ዛሬም የሚነሣው የ1989ኙ የመሬት ድልድል ነው። ክልሉ በዚያ ዓመት በጎጃምና በሌሎች አካባቢዎች መሬት እንደገና ሲያከፋፍል፣ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሹም የነበረው «ቢሮክራት»፣ ከዚያ በፊት ሹመት የነበረው «የፊውዳል ርዝራዥ» ተባለ። ሌላው ገበሬ እስከ 3 ሄክታር ሊይዝ ሲፈቀድለት እነርሱ ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከ1 ሄክታር፣ በላይ እንዳይዙ ተወሰነ። መሬት የሌላቸው፣ በተለይም ሴቶች፣ በዚህ ድልድል ድርሻ ማግኘታቸው እውነት ነው፤ ይህን ሳይጠቅሱ ድልድሉን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ግን ሌላም ትምህርት ተላለፈ። ይዞታ የሚጸናው በልፋት ሳይሆን ከሹም ጋር ባለ ዝምድና እንደሆነ፣ በአንድ ዘመን የተሾመ በሌላው ዘመን እንደሚቀጣ ሁሉም ተረዳ። ማን ወገን፣ ማን ጠላት እንደሆነ ስም አውጥቶ መደልደል ደግሞ የሕዝበኝነት ሥራ ነው፤ በጎጃም ሕዝበኝነት አስቀድሞ የመጣው ከአደባባይ ሳይሆን ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነበር።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ የመሀል ቀኝ ፖለቲካ ወደ ገበሬው ደጅ የቀረበበት ጊዜ ነው። መኢአድ፣ ኋላ ኢዴፓ የተባለው ኢዴአፓ-መድኅን፣ ቀስተ ደመናና ኢዴሊ በቅንጅት ስም ተጣምረው ቀረቡ። በአዲስ አበባ 23ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ወሰዱ፤ በአገር አቀፍ ደረጃም 109 መቀመጫ እንዳገኙ ተገለጸ። የሊበራል ኢኮኖሚ፣ የግለሰብ መብትና በመሬት ላይም የግል ባለቤትነት እንዲኖር የሚሉት ሐሳቦች በኢትዮጵያ ምርጫ ያን ያህል ድምፅ አግኝተው አያውቁም።

ይሁን እንጂ በመሬት ጉዳይ የተካሄደው ክርክር ገበሬውን የሳተ ይመስላል። ኢሕአዴግ መሬት ከተሸጠ ገበሬው በአንድ ክፉ ዓመት ሸጦ ወደ ከተማ ይሰደዳል አለ። ቅንጅት በበኩሉ ሰው የራሱን መሸጥ መብቱ ነው አለ። ሁለቱም ስለ መሸጥ ተከራከሩ። የመራዊ ወይም የቡሬ ገበሬ ጭንቀት ግን መሸጥ አልነበረም፤ ከስምንት ዓመት በፊት ጎረቤቱ ሲነጠቅ ያየ ሰው የሚመኘው አለመነጠቅን ነው። ክልሉ በእነዚያው ዓመታት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር፣ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበትን ደብተር፣ ማደል ጀምሮ ነበር። ይህ ደብተር ለገበሬው ከሁለቱም ወገን ንግግር ይልቅ ትርጉም ነበረው። ወግ አጥባቂ ፓርቲ ሊቆምለት ይገባ የነበረው ሥራ በገዥው ፓርቲ ቢሮ ተሠራ።

ከምርጫው በኋላ የሆነው ይታወቃል። ደም ፈሰሰ፣ መሪዎች ታሰሩ፣ ቅንጅት ፓርላማ ይገባ አይገባ በሚለው ተከፋፈለ። አቶ ልደቱ አያሌውና ኢዴፓ ሦስተኛ አማራጭ ያሉትን የመቻቻል መንገድ ሲይዙ በብዙዎች ዘንድ ከሃዲ ተባሉ። በልዩነቱ ማን ትክክል እንደነበር እዚህ መፍረድ አያስፈልግም፤ መሀል ላይ መቆም በሁለቱም ጠርዝ እንደ ክህደት መቆጠሩ ግን ከዚያ ወዲህ ለመጣ ፖለቲከኛ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ሆነ። በ2002 ዓ.ም. ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ሁሉንም።

ከ2010 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ባዶው ቦታ የተሞላው በማንነት ጥያቄ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በባሕር ዳር የተመሠረተው አብን በጥቂት ወራት ያገኘው ተቀባይነት አስደናቂ ነበር። ኢዜማ የዜግነት ፖለቲካን ይዞ ቢነሣም ራሱን ከማኅበራዊ ፍትሕ ጎራ መደበ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ብልጽግና 410፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4 መቀመጫ አገኙ። የሚያስገርመው፣ የመሀል ቀኝ ፓርቲ ሳይኖር የመሀል ቀኝ የሚባሉት እርምጃዎች በተራ መምጣታቸው ነው። የመንግሥት ድርጅቶችን በከፊል ወደ ግል የማዛወር ውሳኔ ተላለፈ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በዚያው ዓመት የጸደቀው አዲሱ የገጠር መሬት ሕግም የመጠቀም መብትን በዋስትና ማስያዝ ፈቀደ። እነዚህን ለውጦች የጠየቀ የተደራጀ መራጭ ስላልነበረ፣ ዋጋው ሲንር የሚከላከልላቸውም የለም። በገጠሩ ዐይን ገበያ ማለት ማዳበሪያ የጠፋበትና የተወደደበት ዘመን ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ለዚሁ ማዳበሪያ አቤት ለማለት ባሕር ዳር ድረስ የሄዱ ገበሬዎች ነበሩ።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 28 ቀን፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ። መራዊም በዓለም ዜና የተሰማችው በባሕር ዛፏ ወይም በቆጋ መስኖዋ አይደለም። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በከተማዋ ቢያንስ 45 ሰላማዊ ሰዎች በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። በዚህ ሁኔታ ስለ ለዘብተኛ ፓርቲ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ቅንጦት አይደለም። በጠመንጃውም ወገን፣ በመንግሥቱም ወገን ያልቆመው ብዙ ሰው፣ መንገድ ሲዘጋ ግንዱን የሚሸጥበት ያጣው፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁን ቤት ያስቀመጠው፣ ማን ሊናገርለት ነው?

ሊናገርለት የሚነሣ ፓርቲ ካለ በመሸጥ መጀመር የለበትም። ከመንጠቅ ይጀምር፦ ያለ ፍርድ ቤትና ያለ ተገቢ ካሣ ማንም ከይዞታው እንዳይነሣ፣ ደብተሩ ከቀበሌ ሹም ፈቃድ በላይ እንዲሆን። የዋስትናው ሕግም ቢሆን በጥንቃቄ መያዝ ያለበት ነገር ነው፤ በአንድ ዓመት ድርቅ ይዞታውን ለአበዳሪ የለቀቀ ገበሬ ሁለተኛ የመሀል ቀኝ መራጭ አይሆንም። ቡሬ ላይ የቆሙት የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና የዘይት ፋብሪካም ገበሬውን ከነጋዴው ጋር በውል ሊያስተሳስሩ ይችሉ ነበር፤ ፓርቲ የሚበቅለው እንዲህ ካለው ትስስር ነው፤ ግን ሰላም ይፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው በአንድ ጣሪያ ሥር ያለው ልዩነት ነው። ከ1989 ወዲህ በአካባቢው ሰፊ ድልድል አልተደረገም። በዚያን ጊዜ ልጅ የነበረ ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው መሬት የሚያገኘው ከወላጁ ሲወርስ፣ በስጦታ ሲሰጠው ወይም በእኩል ሲያርስ ብቻ ነው። አባቱ ደብተሩን በሣጥን ቆልፎ ዳግመኛ ድልድል እንዳይመጣ ይጸልያል። ልጁ አሥረኛ ወይም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ፣ ሥራ አጥቶ፣ ሁሉም ነገር እንደገና ቢደለደል የሚጠላበት ምክንያት የለውም። በንብረት ላይ የቆመ ፖለቲካ ለአባቱ ብዙ የሚለው አለው፤ ለልጁ ግን እስካሁን ምንም አላለም። ልጁን የሚያነጋግሩት ሌሎች ናቸው፤ አባት ማሳውን ለልጁ ከማካፈል ይልቅ ባሕር ዛፍ ሲተክልበት ደግሞ፣ ጉልበት ስለማይጠይቅ፣ ልጁ ለቀን ሥራ እንኳ አይፈለግም።